ከመጥረጊያው በኋላ ምን አለ? የከተማ ሴፍቲኔት በቀላል አማርኛ

አዲስ አበባ ውስጥ ማልዶ የወጣ ሰው ሳያያቸው አይቀርም። ሰደርያ ደርበው፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ የሰፈሩን ቦይ ይጠርጋሉ፤ ቆሻሻ ይሰበስባሉ፤ የመንገድ ዳር ተክል ውሃ ያጠጣሉ። የሰፈር ሰው «ሴፍቲኔቶች» ይላቸዋል። ብዙዎቻችን ስለ እነሱ የምናውቀውም እዚህ ላይ ያበቃል፤ ድሃ ሰው ይጠርጋል፣ መንግሥት ይከፍላል።

ሴፍቲኔት የሚባለው ለድሃ ቤተሰቦች የተዘረጋ የመንግሥት ድጋፍ ግን ከዚያ ሰፋ ይላል። መጥረጊያው መነሻው ነው። ከሱ ጋር አስገዳጅ ቁጠባ አለ። ቀጥሎ ሥልጠና ይመጣል። ከሥልጠናው በኋላ ደግሞ ሥራ መጀመሪያ የሚሆን ገንዘብ አለ። አራቱም በሦስት ዓመት ውስጥ ተያይዘው እንዲሄዱ ነው የታቀደው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚስበኝ ቅደም ተከተላቸው ነው። ሥልጠና ብቻውን የሰውን ኑሮ ለምን እንደማይለውጥ፣ መቼና ከምን ጋር ሲሆን እንደሚለውጥ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ የአገር ቤት ምሳሌ አላውቅም።

(ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የፈረንጁ ሲሆን «እ.ኤ.አ.» እላለሁ።)

ከገጠር የመጣ ሐሳብ

ሴፍቲኔት መጀመሪያ የገጠር ነበር። ልማታዊ ሴፍቲኔት የሚባለው ፕሮግራም የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ዝናብ በቀረ ቁጥር የእርዳታ ጥሪ ይወጣ ነበር። ስንዴው እስኪደርስ ገበሬው በሬውን ሸጦ ይጨርሳል። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቢመጣም የሚያርስበት የለውም። ስለዚህ ሐሳቡ ተገለበጠ። በየዓመቱ ቀለብ እንደሚያጥረው ለሚታወቅ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚታወቅ ክፍያ ይሰጠው፤ መሥራት የሚችለውም እርከን ይሥራ፣ ኩሬ ይቆፍር ተባለ። ፕሮግራሙ ሰፍቶ ወደ 8 ሚሊዮን ሰው እስከማቀፍ ደርሷል።

ከተማው ግን ለዓመታት ተዘለለ። የከተማ ድህነት ከሩቅ አይታይም። ድርቅ የለው፣ የሞተ ከብት የለው። ሰውየው በአስፋልት ዳር ይኖራል፣ መብራት አለው፣ ስልክ ይዟል። ነገር ግን እህል አያመርትም። ከሽንኩርት እስከ ከሰል፣ ከውሃ እስከ ቤት ኪራይ ሁሉንም በጥሬ ገንዘብ ነው የሚገዛው። ጤፍ ሲወደድ ትርፍ ምርት ያለው ገበሬ ቢያንስ አንድ ነገር ያገኛል። የከተማው ድሃ የሚያገኘው የለም፤ አንድ እንጀራ ይቀንሳል።

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የከተሞች የምግብ ዋስትናና የሥራ ዕድል ፈጠራ ስትራቴጂ አወጣ። በ2008 ዓ.ም. የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ፤ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ጨመረበት። በዚህ 450 ሚሊዮን ዶላር ፕሮግራሙ በ11 ከተሞች ተጀመረ፦ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ሐዋሳ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ደሴ፣ መቀሌ እና ሰመራ ሎጊያ። ዕቅዱ 604,000 ሰዎችን መድረስ ነበር። አዲስ አበባ ትልቁን ድርሻ ወሰደች፤ ይሄ በሕዝብ ብዛቷ የሚጠበቅ ነው።

ማን ይገባል? ማንስ ይቀራል?

ድሃ መምረጥ ቀላል ይመስላል። አይደለም። በከተማ ደግሞ ይብሳል።

አሠራሩ በሁለት ዓይን ማየት ነው። የመጀመሪያው ዓይን የጎረቤት ነው። በየቀጠናው ነዋሪው የሚወከልበት ኮሚቴ ይቋቋምና ከሰፈሩ በጣም የተቸገረው ማን እንደሆነ ይለያል። ሁለተኛው ዓይን ፎርም ነው። ቤተሰቡ ስንት ነው? ስንቱ ይሠራል? ቤቱ ከምን የተሠራ ነው? ቤት ውስጥ ምን ዕቃ አለ? ከነዚህ መልሶች ነጥብ ይሰላል። ሰው ገቢህን ንገረኝ ሲባል በትክክል አይናገርም፤ የጣሪያው ቆርቆሮና የቤቱ ዕቃ ግን የሚሉት ነገር አለ። ሁለቱ ዓይኖች ከተጣጣሙ ስሙ ይመዘገባል። ዝርዝሩ በአደባባይ ይለጠፋል፤ ያልተስማማ ሰው ቅሬታ ያቀርባል።

ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ግን አስቡት። ፒያሳ አካባቢ ቀበሌ ቤት ለ40 ዓመት የኖሩ እናት አሉ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል፤ ዕድርተኛ ናቸው። ኮሚቴው ሳይረሳቸው ይመዘግባቸዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ከሦስት ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ከሰፈር ሰፈር የምትዞር ሴት አለች። ማን ያውቃታል? ዕድር የለችበትም፣ መታወቂያዋ የሌላ ወረዳ ነው። ድህነቷ ምናልባት ከእናትየዋ ይብሳል። በጎረቤት ዓይን ላይ የቆመ ምርጫ ጎረቤት የሌለውን ሰው በቀላሉ ያልፈዋል። ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ የአሠራሩ ባሕርይ ነው።

ከገቡት ውስጥ 84 በመቶው ሠርተው እንዲከፈላቸው፣ 16 በመቶው ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ ነው የታሰበው። ሁለተኞቹ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ናቸው። የምንነጋገረው ስለ 84ቱ ነው።

60፣ 40፣ 20

የፕሮግራሙ አጥንት ይሄ ነው። እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

የማኅበረሰብ ሥራው አምስት ዓይነት ነው። ደረቅ ቆሻሻ ማስተዳደር፣ ከተማን ማስዋብና አረንጓዴ ማድረግ፣ የተፋሰስ ሥራ፣ አነስተኛ የማኅበራዊ አገልግሎት ግንባታ እና ለከተማ ግብርና ቦታ ማዘጋጀት። የተፋሰስ ሥራ ሲባል የገጠር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእንጦጦ ጎርፍ ታች ያለውን ሰፈር እንዳይበላው ቁልቁለቱ ላይ የሚሠራው ሥራ ተፋሰስ ነው።

አንድ ሰው በመጀመሪያው ዓመት 60 ቀን ይሠራል። በሁለተኛው ዓመት 40 ቀን። በሦስተኛው ዓመት 20 ቀን። ከአንድ ቤት ቢበዛ አራት ሰው ይቆጠራል። ስለዚህ ትልቅ ቤተሰብ በመጀመሪያው ዓመት 240 የሥራ ቀን፣ በሁለተኛው 160፣ በሦስተኛው 80 ይደርሰዋል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይናደዳል። «ለድሃ ሰጥተው ደግሞ ይቀንሱበታል?» ይላል። ቁጥሩ የሚወርደው ግን በስሌት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዋናው ነገር ቤት ውስጥ ቋሚ ገንዘብ እንዲገባ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት እንዲቆይ፣ የዱቤው ደብተር እንዲዘጋ፣ ሰው ራቱን በልቶ እንዲያድር። በሁለተኛው ዓመት ከጥርጊያው የተረፈው ጊዜ ለሥልጠና ነው። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ለራስ ሥራ። ክፍያው የሚቀንሰው አዲሱ ገቢ ይተካዋል ተብሎ ነው።

«ይተካዋል ተብሎ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ካልተካውስ? ወደዚያ እንመለሳለን።

የቁጠባውን ነገር እንጨርስ። ክፍያው የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ነው። ከእያንዳንዱ ክፍያ 20 በመቶው አይነካም። ከ100 ብር 80ውን ታወጣለህ፣ 20ው ይቀመጣል። ግብር አይደለም፤ የራስህ ነው። ስታበቃ መነሻ ይሆንሃል። በከፊል የእቁብ መንፈስ አለው፤ ልዩነቱ ዕጣም ዳኛም አለመኖሩ ነው። ሴቶቹ ደግሞ ብልህ ናቸው፤ ከቀረው 80 ላይ የሰፈር እቁብ የሚጥሉም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር መነሳት አለበት፦ የኑሮ ውድነት። የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የሆነባቸው ጊዜያት አልፈዋል። በዚያ ፍጥነት ዛሬ የተቀመጠ 100 ብር ከዓመት በኋላ የሚገዛው ዛሬ 77 ብር የሚገዛውን ያህል ነው። የባንኩ ወለድ ያንን አያካክስም። በግዴታ የተቆጠበ የድሃ ገንዘብ በግዴታ ሲሟሟ ማየት ደስ አይልም። ቁጠባውን እደግፋለሁ፤ ግን ለሦስት ዓመት ተኝቶ ከሚጠብቅ ቀደም ብሎ ዕቃ ቢገዛበት፣ ለምሳሌ የእንጀራ ምጣድ ወይም የልብስ ስፌት መኪና ቢሆን፣ የተሻለ ነበር እላለሁ።

ሥልጠና ብቻውን ለምን አይበቃም?

አሁን ወደ ልቡ ደረስን።

በአገራችን ለድሃም ለወጣትም የሚሰጠው የተለመደ መድኃኒት ሥልጠና ነው። ድርጅቱ ይመጣል፣ ባነር ይሰቅላል፣ አምስት ቀን ያሠለጥናል፣ አበል ይከፍላል፣ ሰርተፍኬት ያድላል፣ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ከስድስት ወር በኋላ ሠልጣኙን ብትፈልጉት የነበረበት ነው።

ይሄ የኔ ምሬት ብቻ አይደለም። የዓለም ባንኩ ኢኮኖሚስት ዴቪድ ማኬንዚ እ.ኤ.አ. በ2017 በታዳጊ አገሮች የተካሄዱ የሙያ ሥልጠና ጥናቶችን ሰብስቦ ተመልክቶ ነበር። ያገኘው ነገር ያስደነግጣል። ከ100 ሠልጣኞች ውስጥ በሥልጠናው ምክንያት ሥራ ያገኙት ሁለት ወይም ሦስት ገደማ ናቸው። ሌሎቹ ሥራ ካገኙም ባይሠለጥኑም ያገኙት ነበር።

ምክንያቱን ማሰብ አይከብድም። አንዲት አምስት ሰው የምታስተዳድር እናት እንውሰድ። ልብስ አጥባ ነው የምታድረው። የሦስት ወር የጸጉር ሥራ ሥልጠና በነጻ ቢሰጣት ነጻ አይደለም፤ የሦስት ወር የልብስ እጥበት ገቢዋን ታጣለች። እሺ፣ እንደምንም ጨረሰች እንበል። ካስክ በምን ትገዛ? ቤትስ በምን ትከራይ? ከፈተች እንበል። በዚያው መንገድ ላይ ሌሎች አራት ጸጉር ቤቶች አሉ። ሥልጠናው ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ነው የመለሰላት።

ሴፍቲኔቱ ቢያንስ በዕቅዱ ሦስቱን ለመመለስ ይሞክራል። የጠፋውን ጊዜ የቀን ክፍያው ይሸፍናል። ካስኩን ቁጠባውና መነሻ ገንዘቡ ይገዛሉ። መነሻው በመጀመሪያው ዕቅድ ለአንድ ቤተሰብ 500 ዶላር ገደማ የሚሆን፣ በብር የሚከፈል፣ የማይመለስ ገንዘብ ነው። ዝም ብሎ አይታደልም። ሠልጣኙ መጀመሪያ ስለ ገንዘብ አያያዝና ስለ ሥራ ዝግጁነት ይማራል። ቀጥሎ ተቀጥሮ መሥራት ወይም የራሱን መክፈት ይመርጣል። የራሱን ለሚከፍት የሥራ ዕቅድ ይሠራለታል። ሙያ የሚያስፈልገው ከሆነ ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይላካል። ገንዘቡ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ሁሉን በአንድ የሚያስር መንገድ ኢትዮጵያ አልፈለሰፈችውም። ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ለድሃ ድሃ ቤተሰቦች ላም ወይም ፍየል፣ ለጊዜው የሚሆን ቀለብ፣ ሥልጠና፣ ቁጠባና በየሳምንቱ ቤት ድረስ የሚመጣ ሰው አንድ ላይ መስጠት ጀመረ። ከዚያ ይኸው ነገር በስድስት አገሮች ተሞከረ፤ ኢትዮጵያ፣ ጋና፣ ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ሆንዱራስና ፔሩ። ከ10,000 በላይ ቤተሰቦች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። በአብዛኛው ሰመረ፤ ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላም ቤተሰቦቹ ከሌሎቹ የተሻለ ይበሉና የተሻለ ንብረት ነበራቸው። የኢትዮጵያው ውጤት ከጥሩዎቹ አንዱ ነው።

ሆንዱራስ ላይ ግን ተበላሸ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች የተሰጣቸው ዶሮ ነበር። ዶሮዎቹ በበሽታ አለቁ። በቃ። የገንዘብ አያያዝ ሥልጠናም የቁጠባ ደብተርም ዶሮ አያስነሳም። የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት የዶሮ እርባታን ሲያበረታቱ ሆንዱራስ ትዝ የምትለኝ ለዚህ ነው። ክትባትና የእንስሳት ሐኪም በአቅራቢያ ከሌለ ዶሮ ለድሃ ከባድ ቁማር ነው።

ከአገር ቤት ሌላም ጥናት አለ። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ፋብሪካዎችና እርሻዎች ለሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፋፈሉ። አንዱ ክፍል ሥራው ተሰጠው። ሌላው 300 ዶላር ገደማና አጭር የንግድ ሥልጠና አገኘ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከዓመት በኋላ ገንዘቡን የወሰዱት ገቢያቸው በ33 በመቶ በልጦ ተገኘ። ፋብሪካ የገቡት አብዛኛዎቹ በዓመት ውስጥ ለቀው ወጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ሦስቱም ክፍሎች ተቀራረቡ። ገንዘብ ሰውን ቶሎ ያነሳል፤ ከፍ አድርጎ ለማቆየት ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል። ያ ሌላ ነገር ገበያ ይመስለኛል።

ገዢ ያለው ሥልጠና፦ ኮብልስቶን

እዚህ ላይ ኮብልስቶንን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ወጣቶች ድንጋይ መጥረብና ማንጠፍ ተማሩ። «ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን» የሚለው ቀልድ ከዚያ ነው የመጣው። ቀልዱ የተመራቂዎቹን ምሬት ያሳያል፤ ትክክል ነው፣ ኢንጂነር ድንጋይ እንዲጠርብ አይደለም ያስተማርነው።

ነገር ግን እንደ ሥልጠና ካያችሁት በጣም የተሳካ ነበር። ምክንያቱም ገዢው ከሥልጠናው በፊት ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ነው ገዢው። ድንጋዩ ከአገር ውስጥ ነው፤ ዶላር አይጠይቅም። መሣሪያው መዶሻና መሮ ነው። አንዱ ይፈልጣል፣ አንዱ ይጠርባል፣ አንዱ ያጓጉዛል፣ አንዱ ያነጥፋል፤ በየደረጃው ሥራ አለ። ክፍያው በተጠረበው ድንጋይ ቁጥር ነው፤ እጅህ በፈጠነ ቁጥር ትበላለህ። በዚያ ሥራ ገንዘብ ይዘው ሚኒባስ የገዙ፣ ወፍጮ ቤት የከፈቱ አሉ። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። ገዢው አንድ ብቻ ሲሆን በጀት ሲያልቅ ወይም መንግሥት ፊቱን ወደ አስፋልት ሲያዞር መዶሻው ይቀመጣል።

የሴፍቲኔቱ ደካማ ጎን ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የቀን ሥራውን ማዘጋጃ ቤቱ ይገዛል፤ ሠልጣኙ በኋላ የሚሸጠውን ግን ማን ይግዛ? አብዛኛው ሰው የሚመርጠው የሚያውቀውን ነው። ጉልት፣ እንጀራ ጋግሮ መሸጥ፣ ቡና፣ ባልትና፣ አሮጌ ልብስ። ስህተት አይደለም፤ የሚያውቁትን መሥራት ብልህነት ነው። ግን በአንድ ወረዳ ውስጥ በአንድ ጊዜ መቶዎች መነሻ ሲቀበሉና ሁሉም እንጀራ ሲጋግሩ የእንጀራ ገዢ በመቶ አይጨምርም። የሥራ ቦታም አለ። ሼድ ተሰጥቶት የሚሠራ ዕድለኛ ነው። መንገድ ዳር የዘረጋ ደግሞ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ጨርቁን ጠቅልሎ ይሮጣል። አንዱ ቢሮ ነግድ ብሎ ገንዘብ ይሰጣል፣ ሌላው ቢሮ ለምን ነገድክ ብሎ ዕቃ ይወስዳል። እነዚህ ሁለት ቢሮዎች ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ ከሌላ አንድ ወር ሥልጠና ይበልጣል።

ያልገቡትስ ምን ይጠቅማቸዋል?

ይሄ የሚገርመኝ ክፍል ነው። አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ የሚገቡት ወረዳዎች በዕጣ ስለተመረጡ ተመራማሪዎች የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ወረዳዎች በትክክል ማወዳደር ቻሉ። ሳይመን ፍራንክሊን፣ ክሌማን አምበርትና ባልደረቦቻቸው ሦስት ነገር አገኙ።

አንደኛ፣ ሰፈሮቹ ተሻሉ። ይሄ ይጠበቃል።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ የገቡ ሰዎች በግል ዘርፍ የሚሠሩት ቀነሰ። ይህን ብቻ የሰማ ሰው «አይ፣ ሰነፍ አደረጓቸው» ሊል ይችላል። ሦስተኛው ነገር ግን መልሱን ይዟል።

ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ በከተማው በሙሉ ሲዘረጋ የግሉ ዘርፍ ክፍያ በ18.6 በመቶ ከፍ እንደሚል አሰሉ። እንዴት? ልብስ አጣቢዋን እናት መልሰን እንውሰድ። ድሮ የተሰጣትን ትወስዳለች፤ እምቢ ካለች በር ላይ ሌላ ሴት ቆማለች። አሁን ግን እሷም በር ላይ ያለችውም ጠዋት የሴፍቲኔት ሥራ አላቸው። «በዚህ ዋጋ አልችልም» ማለት ይቻላል። አሠሪው ይጨምራል። ጭማሪው ደግሞ ሴፍቲኔት ገብታ ለማታውቀው አጣቢም፣ ለቀን ሠራተኛውም፣ ለተሸካሚውም ይደርሳል፤ ሰው ለሥራ ከሰፈር ሰፈር ስለሚሄድ በአንድ ወረዳ ታጥሮ አይቀርም። ተመራማሪዎቹ ይህንና የሰፈሩን መሻሻል ደምረው ሲያሰሉ ለድሃው የደረሰው ጥቅም ከክፍያው ብቻ ሲታይ ከሚመስለው በብዙ እጥፍ በለጠ።

ሠራተኛ ለሚቀጥሩ ሰዎች ይሄ መልካም ዜና ላይሆን ይችላል። «ዘንድሮ ተመላላሽ ጠፋ» ሲባል ከሰማችሁ አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። እኔ አላዝንም።

ሁለተኛው ዙር ምን ለወጠ?

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የዓለም ባንክ ለቀጣዩ ፕሮጀክት 400 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። ከተሞቹ ከ11 ወደ 83 አደጉ። ከለውጦቹ ሁለቱን ልጥቀስ።

አንዱ የሕጻናት ማቆያ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሠራተኛዋ በብዛት ሴት መሆኗ እየታወቀ ልጇን የት ታድርግ የሚለው በቂ መልስ አልነበረውም። ልጅ መጠበቅ ራሱ እንደ ማኅበረሰብ ሥራ ተቆጥሮ እንዲከፈልበት መደረጉ ቀላል ግን ትልቅ ማሻሻያ ነው። አንዷ ትጠርጋለች፣ ሌላዋ ልጆቹን ትይዛለች፣ ሁለቱም ይከፈላቸዋል።

ሌላው ወጣቶችን የሚመለከት ነው። ብዙ ያልተማሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ድርጅት ውስጥ ገብተው ለወራት እየተከፈላቸው እንዲለማመዱ ተደረገ። ክፍል ውስጥ ከመቀመጥ ይሻላል። የልምምዱ ትልቁ ትርፍ ሙያው ብቻ አይደለም። ወጣቱ ስልክ ደውሎ «ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ፣ ሥራ ወዳድ ነው» የሚልለት ሰው ያገኛል። በአዲስ አበባ ወጣቶች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ይህን ያጠናክራል። ሥራ እንዴት እንደሚፈለግ ያሳያቸውና ችሎታቸውን መዝኖ ማረጋገጫ የሰጣቸው አጭር ወርክሾፕ ከአራት ዓመት በኋላ ገቢያቸውን በ20 በመቶ ገደማ አሳድጎ ተገኝቷል። አዲስ ሙያ አላስተማራቸውም። ያላቸውን ለአሠሪ የሚያሳዩበት ወረቀት ነው የሰጣቸው። ሲኦሲን (የሙያ ብቃት ምዘናን) የሚያንቋሽሹ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው፤ ምዘናው ታማኝ እስከሆነ ድረስ ድሃ ልጅ ያለ ዘመድ ቢሮ የሚገባበት መግቢያ ነው።

ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ

ፕሮግራሙ ውስጥ የገባ ሰው ብታውቁ ሦስት ነገር ንገሩት። አንደኛ፣ የባንክ ደብተሩን ራሱ ይያዝ፤ የ20 በመቶው ድምር ስንት እንደደረሰ በየጊዜው ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ምን እንደሚሠራ በሦስተኛው ዓመት ሳይሆን በመጀመሪያው ያስብ። መነሻው ከመምጣቱ በፊት በትንሹ ይሞክረው፤ ሁለት ኪሎ በርበሬ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ሰው ገዢው የት እንዳለ ያውቃል፣ 20 ኪሎ ከመግዛቱ በፊት። እና ጎረቤቶቹ ሁሉ የመረጡትን አይምረጥ። ሦስተኛ፣ የሥራ ቦታ ጥያቄውን ለወረዳው በጽሑፍ ቀደም ብሎ ያስገባ። ሼድ ሲከፋፈል ማመልከቻ ያላስገባ አይታሰብም።

ያልገባና መግባት ነበረብኝ የሚል ሰው ደግሞ ዝርዝሩ በተለጠፈበት ሰሞን ቅሬታውን ያቅርብ፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ እስከሚቀጥለው ምልመላ መጠበቅ ነው። ተከራይ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቂያውን ወደሚኖርበት ወረዳ ያዛውር።